ቀይ ነጥብ ያለበት ሌንስ

አባቷ ከተቀበረ በኋላ አከራዩ የነበሩት ሴትዮ አንድ ፌስታል አቀበሏት። ውስጡ አሮጌ የካሜራ ሌንስ ነበር፤ ሌላ ምንም የለም። ካሜራውን ገና ሲታመም ሸጦታል፣ ሌንሱን ግን የሚገዛው አጥቷል።

«ፎቶዎቹስ?» አለች።

«መታመሙን ሲያውቅ ወረቀቱን ሁሉ ጓሮ ወስዶ አቃጠለው። ፎቶ ይሁን ደብዳቤ እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ።»

ልጅቷ የምትሠራው ፎቶ ቤት ነው። ቀኑን ሙሉ ለመታወቂያና ለፓስፖርት የመጣውን ሁሉ ስታነሳ ትውልና ቤቷ ገብታ በሯን ትዘጋለች። እናቷ ሞታለች። ወንድም የለ፣ እህት የለ። ቁመቷ የአባቷ ስለሆነ የሹራብ እጅጌ ሁሌ ያጥራታል። ጆሮዋም የሱው ነው፤ ሰፋ ብሎ ወደ ፊት የወጣ፣ ትምህርት ቤት እያለች ስንቱን ያሳቀባት ጆሮ። ሰውየው ከቤት የወጣው እሷ ገና ፊደል ስትቆጥር ነው። እናቷም እስክትሞት ድረስ ስለሱ ከአንድ ቃል በላይ ተናግራ አታውቅም፦ «አባትሽ ሌላ ቤት አለው።»

የድሮ ሌንስ ለዘንድሮ ካሜራ ዝም ብሎ አይገጥምም። ማገናኛ ቀለበት ገዝታ ገጠመችው። ካሜራው ግን «ሌንስ አልተገጠመም» ብሎ ድርቅ አለ።

«ታዲያ ይኼ ምንድነው፣ የጀበና ክዳን ነው?» ብላ ተቆጣችውና፣ ያለ ሌንስም ቢሆን እንዲያነሳ አዘዘችው። እንዲህ ያለ ሌንስ በራሱ ምንም አያደርግም። የምስሉን ጥራት፣ ፎከሱን፣ በዓይን እያዩ የሌንሱን ቀለበት በእጅ እያዞሩ ነው የሚያስተካክሉት። ይኼኛው ደግሞ አመል አለው። ቀለበቱን ወዴትም ብታዞረው እየተንሸራተተ አንድ ቦታ ሄዶ ይቆማል። እዚያ ቦታ ላይ ትንሽ ቀይ ነጥብ አለች።

ካሜራ ጠጋኝ ዘንድ ወሰደችው። ሽማግሌው ነጥቧን በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ አደረጓት።

«የጥፍር ቀለም ነው።»

እናቷ እውነቷን ነበር ማለት ነው።

«ሌላው ቦታ ቅባቱ ደርቋል፤ እዚህ ጋ ግን ከመታሸት ብዛት አልቋል» አሉ። «አባትሽ ዓመት ከዓመት በአንድ ርቀት ብቻ ነው ሲያነሱ የኖሩት። ከሜትር ያነሰ ነው፤ የሰው ፊት የሚነሳበት።»

«ምልክቱ ምን ያደርግለታል ታዲያ፣ ጋሼ? አይቶ አያስተካክልም?»

ትከሻቸውን ሰበቁ። «እንጃ። ተነሺው የሚቅበጠበጥ ልጅ ከሆነ አይቶ ለማስተካከል ጊዜ የት ይገኛል።»

ልጅ! እስከዛሬ ያቺን የሌላውን ቤት ሴት ስትራገም ነው የኖረችው፤ ልጅ ሊኖር እንደሚችል አንድም ቀን አስባ አታውቅም። ልጅ ካለ ደግሞ የሷም ሥጋ ነው። በዚህች ምድር ላይ የኔ የምትለው ሰው አለ ማለት ነው።

አላስቀምጥ ቢላት ወደ አባቷ አከራይ ተመለሰች።

«እትዬ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ሴት ትመጣበት ነበር? የጥፍር ቀለም የምትቀባ?»

«ኧረ እኔ የሰው ገበና ምን አገባኝ! ስትገባም ስትወጣም ያየኋት ሴት የለችም። የጥፍር ቀለም እንደሆነ አንዴ ከኔው ተውሷል። ለምንህ ነው ብለው ብልቃጡን ይዞ ወደ ክፍሉ ገባ።» ሴትዮዋ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ብቻ እሁድ እሁድ በሩን ዘግቶ ‹ቀና በል የኔ ጌታ፣ ፈገግ በል እንጂ› ሲል ይሰማኝ ነበር።»

«ማንን ነው?»

«ልጅ ነዋ! ትልቅ ሰውን እንዲያ ብሎ የሚያባብል ማን አለ?»

ወንድም ነው። ወንድም አላት! ስትመለስ አውቶቡስ ውስጥ ስታለቅስም ስትስቅም፣ አጠገቧ የተቀመጡ እናት ግራ ገብቷቸው መሐረብ ሰጧት።

ከዚያ ወዲያ ፎቶ ቤቱ ሌላ ሆነባት። ወንድ በገባ ቁጥር መጀመሪያ የምታየው ጆሮውን ነው። አንዱን ጆሮ ሰፊ ወጣት አላስችል ብሏት «አባትህ ምን ይሠራሉ?» ብላ ጠየቀችው።

«ለመታወቂያ ፎቶ እሱም ያስፈልጋል እንዴ?» አለና ሳቀ። አባቱ ውጪ ቆሞ እየጠበቀው ነበር። አፈረች፤ ግን አልተወችውም።

በመጨረሻ አንድ ዘዴ መጣላት። ፎቶ ቤቱ መስኮት ላይ የናሙና ፎቶዎች ይሰቀላሉ። የራሷን ፎቶ በትልቁ አሳትማ ብትሰቅለውስ? በዚያ መንገድ ስንት ሰው ያልፋል። አንድ ቀን እሱም ያልፍና ጆሮዋን አይቶ ቀጥ ይላል። ይገባና «ይቺ ልጅ ማናት?» ይላል። የምትለውን ሁሉ አዘጋጅታ ጨርሳለች። ፎቶው ደግሞ ወንድሟ በተነሳበት ሌንስ መሆን አለበት።

እሁድ ጠዋት ጸጉሯን ተሠርታ፣ ደህና ልብሷን ለብሳ የቤቷ መስኮት አጠገብ ተቀመጠች። ስንቱን ስታነሳ የኖረች ልጅ፣ እሷ ግን «እስቲ አንዴ አንሳኝ» የምትለው ሰው የላትም። የካሜራው መቆሚያ ፎቶ ቤት ነው ያለው። እስከዚያ ብርሃኑን ልሞክረው ብላ ካሜራውን ወደ ራሷ አዞረችና ክንዷን እስከመጨረሻው ዘረጋች። እንዲህ ሆኖ ምንም አይታይም፤ ፎከስ ማስተካከል የማይታሰብ ነው። ደብዝዤ እወጣለሁ ብላ ቀለበቱን ሳትነካው ተወችው። ቤቱ ጭር ብሏል። ፊቷ አልፈታ አላት።

«ፈገግ በይ እንጂ፣ የኔ እመቤት» አለች ጮክ ብላ፤ የካሜራውን ቁልፍ ተጫነችው።

አዙራ ስታየው ፊቷ ጥርት ብሎ ወጥቷል፤ ሽፋሽፍቷ አንድ በአንድ ይቆጠር ነበር። ቀለበቱ ቀይዋ ነጥብ ላይ ነው፤ ርቀቱም ልክ የአንድ ክንድ፣ የአባቷ ክንድ።