ጎረቤቷ መድረክ ላይ ያነበበችው ታሪክ

«...ሴትየዋ ሕፃኗን ስንዴ ማሳ ዳር ጥላት፣ ዞር ብላ እንኳን ሳታያት ሄደች...»

ሄለን ይህን ያነበበችው በሰው በተሞላ አዳራሽ ነው።

እንባውን የሚጠርግም ነበር...

ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠችው እታገኘሁ ግን አላለቀሰችም።

ታሪኩን ታውቀዋለች... የራሷ ነው።

እታገኘሁ አሰላ ውስጥ ልብስ ሰፊ ናት። ሄለን ደግሞ ለሥራ ከሌላ ክልል ተመድባ የመጣች ነርስ... እታገኘሁ ግቢ ውስጥ ክፍል ተከራይታ የምትኖር።

አገሩን የማታውቅ እንግዳ ናት ብላ እታገኘሁ እንደ እህቷ ነበር የያዘቻት። ስትታመም አስታማታለች። አንድም ዓመት በዓል ብቻዋን አላዋለቻትም።

አንድ ክረምት እታገኘሁ ራሷ በጠና ታመመች...

ቀዶ ጥገና ልትገባ ስትል የሄለንን እጅ ያዘች።

«ልጄን ቤርሳቤህን እኔ አልወለድኳትም» አለቻት። ልጅቷን ከማን እንደተቀበለች፣ እንዴት እንዳሳደገች... ሁሉንም ነገረቻት።

«እኔ ካልተነሳሁ አንቺ ቀስ አድርገሽ ንገሪያት። አደራ።»

ተመስገን፣ እታገኘሁ ዳነች።

ሄለን መጻፍ ትወዳለች። «የምጽፈው አጣሁ» እያለች ስትበሳጭ ታጽናናት የነበረችው እታገኘሁ ነች።

«ዙሪያሽን እዪ እንጂ... ገበያው አለ፣ ሚኒባሱ አለ፣ የሰው ኑሮ አለ። ታሪክማ ሞልቷል።»

ሄለንም ዙሪያዋን አየች...

ከተማው ውስጥ የአጭር ልብ ወለድ ውድድር ሲዘጋጅ ተመዘገበች። የምታነብበት ቀን እታገኘሁ ሱቋን ዘጋች፣ አዲስ ቀሚሷን ለበሰች፣ ልታጨበጭብላት ሄደች።

ቤርሳቤህንም ይዛ...

ሄለን ማንበቧን ቀጠለች። ሕፃኗን ያገኘችው ልብስ ሰፊ... ሕፃኗ የተጠቀለለችበት ቢጫ ሹራብ... አንዱ ቁልፉ ሰማያዊ የሆነ።

ያ ሹራብ ቤታቸው ሻንጣ ውስጥ አለ።

ቤርሳቤህ ወደ እናቷ ዞረች።

«እማ... የኛ ሹራብ እኮ ነው።»

እታገኘሁ ልጅቷን ወደ ራሷ ሳብ አደረገቻት።

«እማ... ማሳ ላይ የተጣልኩት እኔ ነኝ?»

ጭብጨባው ጥያቄዋን ዋጠው። ሄለን አንደኛ ወጣች።

የመድረክ መሪው ሐሳቡን ከየት እንዳገኘችው ሲጠይቃት ፈገግ አለች።

«ከዕለት ተዕለት ኑሮ» አለች። «ጆሮ ላለው ሰው ጎረቤቱ ሁሉ ልብ ወለድ ነው።»

ሰው ሳቀላት...

ግቢ ሲገናኙ እታገኘሁ አልጮኸችም።

«ሄለን፣ ምን በደልኩሽ?»

«እታጉ፣ ስም ቀይሬያለሁ እኮ...»

«ስሙን ቀየርሽው። ሥራዬንስ? ሹራቡንስ?»

«ቤርሲን ይዘሻት ትመጫለሽ ብዬ አላሰብኩም።»

«ባላመጣት ኖሮ ልክ ነበርሽ ማለት ነው?»

ሄለን ወደ ክፍሏ በር ዞረች።

«እሺ፣ የኔን ወሰድሽ... ማሳውን ከየት አመጣሽው?» አለቻት እታገኘሁ።

ይሄኔ ሄለን አንገቷን ደፋች።

«እውነተኛው ለውድድር ትንሽ ቀለል ያለ መሰለኝ... እንዲያስለቅስ ብዬ ነው።»

አዎ ወዳጆቼ... ቤርሳቤህን ማንም አልጣላትም።

የወለደቻት እናት ኩለኒ ትባል ነበር። ከእታገኘሁ ጋር አብራ ስፌት የተማረች፣ አንድ ክፍል አብራ የኖረች ጓደኛዋ ናት። ያንን ሹራብ ነፍሰ ጡር ሆና በእጇ ሠራችው። ልጇን ወለደች... በዚያው አረፈች።

እታገኘሁ ይህን ሁሉ ለልጇ ነገረቻት። ልጅቷ ግን አላመነችም።

«እንዳይከፋኝ ብለሽ ነው» አለቻት።

መጥፎው ነገር ይሄ ነው... የሰማችው ግማሹ እውነት ስለነበር፣ የቀረውም ግማሽ እውነት መሰላት።

እታገኘሁ ጨነቃት። ልጅቷን ይዛ አሰላ አቅራቢያ ያለችው ሳጉሬ ወረደች፣ የኩለኒ ታላቅ ወንድም ኦቦ ኢብሳ ቤት።

ሽማግሌው ልጅቷን በር ላይ ሲያይ ከመቀመጫው ተነሳ።

«ኮቱ፣ ኢንተላ ኮ... ነይ ልጄ። አጎትሽ ነኝ።»

ቤርሳቤህ ቆማ ቀረች።

«እናቴ... ጥላኝ ነው የሄደችው?»

«ማነው እንዲህ ያለሽ?» አላት። «እኔ አጠገቧ ነበርኩ። እስክትሞት ድረስ እንዳቀፈችሽ ነበር። ከእቅፏ የወሰድንሽ እኛ ነን።»

እጇን ይዞ መቃብሯ ጋ ወሰዳት። ቤርሳቤህ እዚያ ነው ያለቀሰችው...

አሰላ ሲመለሱ ቤርሳቤህ የሄለን በር ላይ ሄዳ ቆመች።

«ሄሉ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም። ሰው ፊት ወጥተሽ እናትየው ልጇን አልጣለቻትም በይልኝ።»

«ቤርሲዬ፣ ልብ ወለድ እኮ ነው... ሰው ይረሳዋል።»

ብዙም ሳትቆይ ሄለን ዕቃዋን ጭና ሌላ ሰፈር ገባች። እታገኘሁን ቻው እንኳን አላለቻትም።

ሰው ግን አልረሳውም።

ታሪኩ ዛሬ በየገጹ ይዞራል። እኛም ገጽ ላይ ደርሷል... ከሥሩ ብዙዎቻችሁ «ይህቺስ እናት አትባልም» እያላችሁ ጽፋችኋል።

የሰደባችኋት ሴት ኩለኒ ናት። ልጇን አቅፋ የሞተችው...

ኮሜንቶቹን ሁሉ ቁጭ ብላ ያነበበችው ቤርሳቤህ በውስጥ መስመር እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦

«እናቴ ራሷ መልስ መስጠት አትችልም። እባክህ አንተ መልስላት።»

እኔም ይኸው መለስኩ...

ትምህርቱ፦ ከሰው ኑሮ መጻፍ ነውር አይደለም፤ ጥሩ ድርሰት ሁሉ ከኑሮ ነው የሚቀዳው። አደራን ግን አስፈቅደው እንጂ ሰርቀው አይጽፉትም። በሰው ቁስል ላይ ደግሞ ለማጣፈጥ ብለው ውሸት አይነሰንሱም... ታሪኩ ሲነበብ ያልቃል፣ ባለታሪኩ ግን አብሮት ይኖራል።

እናንተ በእታገኘሁ ቦታ ብትሆኑ፣ ሄለን ነገ በራችሁን ብታንኳኳ ትከፍቱላት ነበር?

ከልባችሁ ጻፉልን... ቤርሳቤህ ታነበዋለች።