ከሱዳን አንድ ሰው

«እማ፣ ይሄኛው ለምናችን ነው?» ብላ ጠየቀቻት ሴት ልጇ። ልጅቱ የሰሊጥ ዋጋ የምትጽፍበት ብሎግ ለነጋዴዎቹ አልከፈት እያለ ስላስቸገረ፣ የተጫኑበትን ተጨማሪ መሣሪያዎች፣ ፕለጊን የሚባሉትን፣ በስልኳ አንድ በአንድ እያየች የማያስፈልጉትን ታጠፋ ነበር። «እንደ ሰሊጥ መኪና እኮ ሆነ፤ ጭነት ስናበዛበት ቆሞ ቀረ» ብላ ሳቀች። እናቲቱ አልሳቀችም። የልጅቱ ጣት ያረፈው፣ አንባቢዎች ከየት አገር እንደገቡ በሚቆጥረው ላይ ነበር።

«እሱንስ ተይው» አለች እናቲቱ። በጎልማሶች ትምህርት ፊደል ከቆጠረች ወዲህ፣ በየማለዳው ስልኩን ተቀብላ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች የምታነበው ያን ቆጣሪ ነበር። ከኢትዮጵያ ሥር «ሱዳን፣ አንድ ሰው» ይላል። ወንዱ ልጇ ከመተማ ድንበሩን አልፎ በገላባት ወደ ሱዳን ከተሻገረ ጀምሮ ድምፁ አልተሰማም። ባይደውልም የእህቱን ጽሑፍ እያነበበ ነው ብላ ታምን ነበር።

«ምን ያደርግልናል? የሱዳኑ እኮ እኔው ነኝ» አለች ልጅቱ። «የኛ ኔትወርክ ሲጠፋ በገላባት ሲም ነው የምገባው፤ እሱ ደግሞ ሱዳን ብሎ ይቆጥረኛል።» ቀና ብላ የእናቷን ፊት ስታይ ጣቷን ሰበሰበች። «እማዬ... ግድ የለም፣ ይቆይ።»

እናቲቱ ስልኩን ወሰደች። «አጥፋ» የሚለውን ፊደል በፊደል አንብባ ተጫነችው። ገጹ ወዲያው ተከፈተ። ወንዱ ልጇ እንደ ወጣ ቀርቷል፤ እሷና እህቱ ግን እዚያው መተማ ነበሩ።