የቃሊቲው ጡሩምባ

ብዙወርቅ እሑድ ሽማግሌዎች ፊት ቀርባ «አፋቱኝ» ልትል ቆርጣለች።

አገር ጉድ ይላላ! የዘፋኟ የብዙወርቅና የባቡር ነጂው የካሳሁን ትዳር እኮ እንደ ማንም ሰው ትዳር አልነበረም። ካሳሁን ከለገሀር ተነስቶ አቃቂ ሲቃረብ ጡሩምባውን ሁለቴ ረዘም አድርጎ ይነፋል። ቤታቸው ሐዲዱ ዳር ነውና እሷ እየሮጠች ወጥታ ነጠላዋን ታውለበልብለታለች። በዚሁ ነገር ዘፈን አወጣች። ሸክላው በየጠጅ ቤቱ፣ በየሬዲዮኑ ተሰማ። ጋዜጠኛ መጥቶ በራፋቸው ላይ አቁሞ ፎቶ አነሳቸው። ሙሽሮች ሁሉ «እንደ ብዙወርቅና እንደ ካሳሁን ያድርጋችሁ» እየተባሉ ተመረቁ።

አሁን ደግሞ ያው ሕዝብ ሌላ ያወራል። «ድሮም ለስሟ ብሎ ነው ያገባት» ይላል አንዱ። «እሷስ ብትሆን? ዘፈን ፈልጋ እንጂ!» ይላል ሌላው። ሰው መቼም አፉ አያርፍም።

ነገሩ የተበላሸው አምና ክረምት ነው። ብዙወርቅ ወለደች፣ ልጁ ክርስትና ሳይነሳ አረፈ፣ እሷም ትኩሳት ጥሏት ሆስፒታል ከረመች። የልጁንም የቤቱንም ጣጣ ሁሉ ካሳሁን ብቻውን ተወጣው። ስትወጣ ከስታ፣ ድምጿ ሰልሎ፣ ያቺ ብዙወርቅ አትመስልም ነበር። «ያለፈውን ነገር ሁለተኛ በፊቴ እንዳታነሳብኝ» ብላ በእመቤታችን አስማለችው። ማለላት። ከዚያ ወዲህ ካሳሁን ዝምተኛ ሆነ፤ ባቡሩም አቃቂን ድምፁን ሳያሰማ ያልፍ ጀመር።

ይህንንስ ችላው ነበር። እሳቱን ያመጣችው ጎረቤቷ አሰለፈች ናት።

«ብዙዬ፣ ላንቺ ብዬ ነው» አለቻት። አሰለፈች ወሬ ስታመጣ ሁልጊዜ እንዲህ ብላ ነው የምትጀምረው። «ያንቺ ሰውዬ ጡሩምባውን መች ተወ? ቃሊቲ ላይ ነው አሁን የሚነፋው። ያው እንዳንቺው፣ ሁለቴ ረዘም አድርጎ። እዚያ ሐዲዱ ዳር ዳሲቱ የምትባል፣ ባሏ የሞተባት ወተት ሻጭ አለች አሉ።»

«ሂጂ ወዲያ!» ብላ ሳቀችባት ብዙወርቅ። ግን ካሳሁን በረፍት ቀኑ ዶማ በጆንያ ጠቅልሎ እንደሚወጣ ታውቃለች። ሲመለስ ጫማው ጭቃ ነው፤ ጥፍሩ ውስጥ ደግሞ ነጭ ነገር አይታለች። ይህንኑም ለአሰለፈች ነገረቻት።

«ኖራ ነዋ!» አለች አሰለፈች ደረቷን ደቅታ። «ባለፈው አሮጌ የሐዲድ እንጨት በጋሪ ሲያስጭን ያዩት ሰዎች አሉ። ወይ አንቺ ሞኝ፣ ሰውየው ቤት እየሠራላት ነው!»

ብዙወርቅ በዚያው ቀን ምሳ ላይ ያዘችው።

«ካሳሁን፣ ቃሊቲ ላይ ለማን ነው የምትነፋው?»

የጠቀለለው ጉርሻ እጁ ላይ ቀረ። «ይቺን ተይኝ፣ ብዙዬ።»

«ለማን ነው አልኩህ!»

«አልናገርም። ምያለሁ።»

በቃ! ለዚያችኛዋም ምሎላታል ማለት ነው። ብዙወርቅ ከላይ እስከ ታች ነደደች። ያ ሁሉ ነጠላ ማውለብለብ፣ ያ ሁሉ ዘፈን፣ ያ ሁሉ ፎቶ ውሸት ነበር? እሱ ገበታውን ገፋ አድርጎ ወጣ፤ እሷም ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሰው ላከች።

ቅዳሜ ጠዋት፣ እሱ ሥራ ሲገባ ጠብቃ፣ ሰው እንዳያውቃት በነጠላዋ ተከናንባ ጋሪ ያዘች። ሴትዮዋን በዓይኗ ካላየች ነገ ሽማግሌ ፊት ምን ብላ ትናገራለች? እውነቱን ለመናገር ግን መንገዱን ሙሉ «ምናለ ውሸት በሆነ» ስትል ነበር። ትወደው ነበራ! ይኸው ነው ያንገበገባት።

የዳሲቱን ቤት ጠይቃ አገኘችው። አንዲት ደሳሳ የሣር ቤት ናት፤ የጭቃ ግድግዳዋን ኖራ የሚባል ነገር ነክቶት አያውቅም። ደጃፉ ላይ ወገባቸው የጎበጠ አሮጊት የወተት ዕቃ ያጥናሉ።

«እማማ፣ ዳሲቱ የምትባለው ሴት የት አለች?»

«እኔው ነኝ፣ ልጄ።»

ብዙወርቅ ከቤቷ ጀምሮ ስታሰናዳው የመጣችው ስድብ ሁሉ ጠፋባት። ሳታስበው ነጠላዋ ከፊቷ ወረደ፤ አሮጊቷም ትኩር ብለው አዩአትና የያዙትን ዕቃ ቀስ አድርገው አስቀመጡ።

«ዘፋኟ አይደለሽ? አንድ ቀን ትመጫለሽ ብዬ ነበር። ምነው ቆየሽ?»

«ባሌ እዚህ ጋ ለማን ነው የሚነፋው?» አለች ብዙወርቅ። «እርስዎ ቤት ማን አለ? አይደብቁኝ፣ በሞቴ!»

«ከቤት ውስጥማ ማንም የለ» አሉ አሮጊቷ። በእጃቸው ወደ ጓሮ አመለከቷት። «እኔ ሥራዬ ከጅብ መጠበቅ ብቻ ነው። ሂጂ፣ አጥሩን ከፍተሽ ግቢ።»

በጓሮ ዞራ አጥሩ ጋ ስትደርስ ባቡሩ ከሳሪስ በኩል ብቅ አለ። ሁለቴ፣ ረዘም አድርጎ ነፋ። ካሳሁን በመስኮቱ ወጣ ብሎ ባርኔጣውን ከራሱ ላይ ሲያወልቅ አየችው። እሱ ግን እሷን አላያትም፤ ዓይኑ አጥሩ ውስጥ ነበር። እሷም መዝጊያውን ገፋችና ገባች።

በአሮጌው የሐዲድ እንጨት አጥር መሀል፣ ኖራ የተቀቡ ድንጋዮች የከበቧት፣ ክንድ የማትሞላ መቃብር ነበረች።