ቢጫው ጥላ

መምህር አለነ ወደ ሱዳኗ ገላባት ሲሰደድ ከንብረቱ ያተረፈው አንድ መጽሐፍ ብቻ ነበር፤ እሱንም ምስጥ ቀምሶታል። የአንድ ቤተሰብ ታሪክ ነው። አባት ዘምቶ ይቀራል፣ እናት ስትጠብቀው ትሞታለች፣ ልጆች ይበተናሉ።

ጣልያን መተማን ከያዘ ወዲህ ሖሩን ተሻግረው የተሰደዱ ሴቶች በዚሁ መጽሐፍ ማንበብ ይማሩ ነበር። ሖር የሚሉት ክረምት የሚሞላ፣ በጋ አሸዋ ብቻ የሚሆን ወንዝ ነው። ከወዲህ እንግሊዝ፣ ከወዲያ ጣልያን። እንግሊዞቹ ሴትና ሕፃን ሲሻገር ዝም ይላሉ፤ ጠብመንጃ የያዘ ወንድ ካገኙ ግን ማሰር ነው።

“ማንበብ ብቻውን ምን ያደርግላችኋል?” አለ አለነ አንድ ቀን። “ሰዎቹን ዕወቋቸው!”

አንድ ዘዴም አመጣ። በሚማሩበት የሣር ዳስ መካከል በርጩማ ያስቀምጣል። ሴቶቹ የዕለቱ ባለታሪክ ይለብሰዋል፣ ይይዘዋል የሚሉትን ዕቃ ከየቤታቸው አምጥተው በርጩማው ላይ ይደረድራሉ። አንዷ ከሰሌን መከለያ ጀርባ ትገባና ባለታሪኩን ሆና ትመልሳለች፤ ሌሎቹ ዙሪያውን ተቀምጠው ይጠይቃሉ። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ስለሆነ ምንም ክፉ ነገር አልታየውም።

አሮጊቷ እማማ ሙሉአለም ግን ገና ከጅምሩ ፊታቸውን አጠቆሩ።

“ልብስ የሚዘረጋ ለለቅሶ ነው። አታሟርትብን ልጄ።”

“ትምህርት ነው እማማ።”

“እሱስ ትምህርት ነው” አሉና አጉረመረሙ። መቅረት ግን አልሆነላቸውም፤ ታሪኩ ልባቸውን ሰቅሎታል።

አሰበች የምትማረው ሐሳቧን ለመርሳት ነበር። ባሏ ውባንተ ከአርበኞች ጋር ጫካ ከገባ ወዲህ ወሬው ጠፍቷል። ሞቷል የሚል የለም፤ አለ የሚልም የለም። የአባትየው ተራ ደርሶ ጋሻና ጦር በርጩማው ላይ ሲቀመጥ፣ ከሁሉ ቀድማ የጠየቀችው እሷ ናት።

“ትመጣለህ?”

ከሰሌኑ ጀርባ የነበረችው ዘሊካ ድምፅዋን አጎርንና “መንገድ ላይ ነኝ” አለች። ሌሎቹ ሳቁ። አሰበች ግን ዞራ ወደ ሖሩ አየች።

ያን ዕለት ነው ሰውየው የታየው። ከሖሩ ማዶ፣ ከግራሩ ሥር፣ ጥምጥም የጠመጠመ ሰው ዱላ ይሁን ጠብመንጃ ያልለየ ነገር ተደግፎ ወደ ዳሱ ያያል። አይጣራም፣ አይቀርብም። ከዚያ ርቀት ፊቱ አይለይም። በማግስቱም በዚያው ሰዓት መጣ።

“ባንዳ ነው” አለ አለነ። “የጣልያን ምሽግ እዚያው አይደል? ሊሰልለን ነው።”

“ኧረ ወዲያ!” አሉ እማማ ሙሉአለም። “ሖሩ ደርቋል፤ ሰው ቢሆን ይሻገር ነበር። አንተው ነህ በበርጩማህ የጠራኸው። የሙት ጥላ ነው።”

አሰበች ባንዳ እንዲሆን ጸለየች። ባንዳ እንዲሆንላት የምትጸልይ ስደተኛ ከእሷ በቀር አልነበረችም። የሙት ጥላ ከሆነ የማን እንደሆነ ለመገመት ፈራች። ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ እንኳ ወደ ማዶ ቀና አትልም።

የእናትየው መሞት የሚነበብበት ቀን ደረሰ። ለእናትየው የሚሆን ጌጥ ያለው ዕቃ የነበራት አሰበች ብቻ ነበረች። የሠርግ ቀሚሷንና ቢጫ ጥላዋን አመጣች። ጥላውን ውባንተ ከአንድ ነጋዴ ሱቅ የገዛላት ነው። መተማ ገበያ ላይ ቢጫ ጥላ የያዘች ሌላ ሴት ስላልነበረች፣ በሰው መሐል ሲጠፋፉ በእሱ ነበር ፈልጎ የሚያገኛት።

ቀሚሱን በርጩማው ላይ ዘረጉ። ጥላውን ከፍተው ከላዩ አቆሙት። አሰበች ከሰሌኑ ጀርባ ገባች።

ከሴቶቹ አንዷ፣ አገኘሽ፣ ጠየቀች። እናቷ ከነቤቷ የተቃጠለችባት፣ አልቅሳ ያልቀበረቻት ልጅ ናት።

“እማ፣ ለማን ትተሽን ሄድሽ?”

አሰበች ያዘጋጀችው መልስ ነበራት፤ አፏ ላይ ጠፋባት። “እኔ እኮ መሄድ አልፈለግሁም” አለች ብቻ።

አገኘሽ ጮኸች። ከዚያ ወዲያ ማን ይያዛቸው! እያንዳንዷ አገሯ ትታ የመጣችውን ሙቷን አነሳች። እማማ ሙሉአለም ሳይቀሩ ተነስተው ደረታቸውን ደቁ፤ ለማን እንደሚያለቅሱ እሳቸው ያውቃሉ። አለነ መጽሐፉን እንደያዘ ቀረ። ትምህርቱ እንዲህ ይሰምራል ብሎ አላሰበም።

አሰበች በሰሌኑ ቀዳዳ ወደ ማዶ አየች። ሰውየው ከግራሩ ሥር ወጥቶ አሸዋው ጫፍ ድረስ ወርዷል። ጥምጥሙን ፈታና መሬት ላይ ተቀመጠ። ለቅሶው እስኪበርድ ድረስ እንደተቀመጠ ቆየ። ከዚያ ተነስቶ ሄደ።

ተመልሶም አልመጣ።

“አልቅሰን ሸኘነው” አሉ እማማ ሙሉአለም። “የጎደለበት እንባ ነበር፤ አገኘ፣ ሄደ።”

አሰበችም ቀለል አላት። የማንም ጥላ ይሁን፣ ማዶው ባዶ ሆኖ ማየቱ ደስ አሰኛት። ውሃ ስትወርድም ቀና ብላ መሄድ ጀመረች።

ብዙ ሳይቆይ ጨው የሚያመላልሰው ኸሊል ግመሉን እየነዳ ከማዶ መጣ። ነጋዴ ስለሆነ ከሁለቱም ወገን የሚከለክለው የለም። አሰበች ብቻዋን ዳሱን ስትጠርግ ደረሰ። ሰላምታ ሰጣትና ከኮርቻው ሥር አንድ የቆዳ ቀበቶ አወጣ። ዘለበቱ በሽቦ የተጠገነ ነው፤ በገዛ እጇ ነበር የጠገነችው።

“የማን ነው?” አለች፣ እያወቀች።

“የአንድ አርበኛ። በጠራራ ፀሐይ ምሽጉ በር ድረስ ብቻውን ዘልቆ ወደቀ። ጓደኞቹ ቢይዙት ‘ከእንግዲህ ለማን ብዬ ልትረፍ?’ አላቸው አሉ።”

መጥረጊያው ከእጇ ወደቀ። በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

“ሚስት አለችው እኮ” አለች።

“ነበረችው” አለ ኸሊል አንገቱን ደፍቶ። “በይ እህቴ፣ የአሰበችን መቃብር አሳዪኝ፤ ለቅሶዋን ከማዶ ያየ ዕለት ይህን ሰጥቶ ከጎኗ ቅበርልኝ ብሎኛል።”