የእትዬ ትርፌ ዋንዛ

ደን ካለቀ ወዲህ ሕጉ አንድ ነው፤ ሰው ሲወለድ አንድ ዛፍ ይተከልለታል፣ በዕድሜው የሚያስቆርጠውም እሱኑ ብቻ ነው። ሁሉም ለሬሳ ሳጥኑ ያስቀምጠዋል። አናጢዋ እትዬ ትርፌ ግን በሰባ ስምንት ዓመታቸው ዋንዛቸውን አስቆርጠው አግዳሚ ወንበር ሊሠሩበት ተነሡ።

«እማዬ፣ ሳጥንሽስ?» አለች ልጃቸው ውድነሽ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

«በሰሌን ቅበሪኝ! ዕድሜዬን ሙሉ ሳጥን ስሠራ፣ ተመቸኝ ያለኝ አንድ ሬሳ የለም።»

የእንጨት መላጊያ ፒያላቸውን በገፉ ቁጥር ስስ ልጣጭ እየተጠቀለለ ወደቀ፤ ከሥሩም የዛፉ ዓመታት መስመር መስመራቸውን ይዘው ብቅ አሉ። አንዱን ቀጭን መስመር በጣታቸው ዳሰስ አድርገው፣ «ይኸ አባትሽ የሞተበት ድርቅ ነው» አሉ። ጣውላውን ምስማር ሳይነካው፣ በመሮ ፈልፍለው ወንበር አድርገው አጋጠሙት።

«ተቀመጪ።»

ውድነሽ ፈራች። በአርባ ዓመቷ የምታውቀው እንጨት ሬሳ የሚተኛበትን ብቻ ነው፤ የቤታቸው ወንበር ሁሉ ከተፈጨ ቆሻሻ የተጋገረ፣ ቀኑን ሙሉ ቢቀመጡበት የማይሞቅ ነገር ነው። እየሰጋች ተቀመጠች። ቆየት ብላ መዳፏን አሳረፈችበት።

«እማዬ… ሞቀ እኮ!»

«ታዲያስ!» አሉ እትዬ ትርፌ። «በይ ጠጋ በይልኝ፣ እኔም በሕይወት ሳለሁ ልሙቀው።»