የሠርግ ቀን ጉርሻ

ወይዘሮ ትርንጎን ዕድሜ ልካቸውን ቃር ስላሠቃያቸው፣ ልጃቸውን ምንታምርን ገና በጨቅላነቷ የጨጓራ አሲድን ለዘለዓለም የሚያደርቀውን መርፌ አስወጓት። መርፌውን እንደተወጉት እኩዮቿ ሁሉ ቃር ሳታውቅ አደገች። ጀርም የሚገድል አሲድ ስለሌላት ግን የሰው እጅ የነካው ምግብ ሊገድላት ይችላል፤ የምትበላው ከታሸገ ከረጢት ብቻ ነው።

በሠርጓ ቀን እናትየው በደስታ ራሳቸውን ረሱና ዶሮ ወጡን በእንጀራ ጠቅልለው፣ «በሞቴ!» ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

ሙሽራዋ ዓይኗን ጨፍና አፏን ከፈተች።

የወይዘሮ ትርንጎ እጅ አየር ላይ ቀረ። ቀስ ብለው ጉርሻውን ወደ ራሳቸው አፍ መለሱት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ደረታቸውን ያዙ።

ምንታምር ዓይኗን ገልጣ አየቻቸው። «እማዬ፣ ቃር የሚባለው ይሄ ነው?»

«አዎ ልጄ» አሉ ደረታቸውን እንደያዙ፤ «ያዳንኩሽ ከዚህ ነው።»