የአርባ ሰከንድ ዱዓ

ለበሽተኛ የሚጸልየው ፈቃድ ያለው ሐኪም ብቻ ነው፣ ጸሎቱም ከአርባ ሰከንድ አይለፍ ተብሎ ከተደነገገ ወዲህ፣ በዚህች ምድር ላይ ከእኔ የፈጠነ አልተገኘም። በቁርአንም በዳዊትም ብትሉኝ በሠላሳ ሰከንድ ጨርሼ ወደሚቀጥለው አልጋ እሻገራለሁ። የሕክምና ተማሪ ሳለሁ በሽተኛ የሚጠይቀውን የሃይማኖቶች ኅብረታችንን የመሠረትኩት እኔ ነኝ። ያኔ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ በሽተኛ ዘንድ እስኪመሽ እንቀመጥ ነበር። ያንን ሁሉ መንዛዛት ቆርጬ የጣልኩትም እኔው ነኝ። ግማሽ ሚሊዮን ሐኪም አሰልጥኛለሁ፤ ሲያንስ ነው።

ትናንት ደሴ፣ እናቴ ዘንድ ሄድኩ። በማግስቱ የልብ ቀዶ ሕክምና ይጠብቃት ነበር።

«ይመር፣ አባትህ ቢኖር ይመርቀኝ ነበር። እንግዲህ አንተ ዱዓ አድርግልኝ» ብላ መዳፎቿን ዘረጋች።

ለእኔ ይቺ ምን አላት! ጉሮሮዬን ጠርጌ ለቀቅኩት። ሃያ ስድስት ሰከንድ! የእጅ ሰዓቴ አረንጓዴ አበራ።

እናቴ መዳፎቿን እንደዘረጋች ናት።

«በል ጀምር እንጂ ልጄ።»

«ጨረስኩ እኮ እማ።»

«እኔ ገና አንድ አሜን አላልኩም።»

አባቴ ሲመርቅ በየመሃሉ ቆም ብሎ አሜናችንን ይጠብቅ ነበር። እንደሱ ላደርገው ሁለቴ ሞከርኩ። ሁለቴም በሃያ ስድስት ሰከንድ አለቀብኝ።

«ተወው፤ ጎረቤቴን ወልደየስን ጥራልኝ» አለች።

«አናጢውን? ፈቃድ የለውም እኮ!»

«አውቃለሁ። እጄ ሳይዝል ጥራው።»

ግማሽ ሚሊዮን ሐኪም ያሰለጠንኩት ሰውዬ አናጢ ልጠራ ሮጥኩ። ስወጣ መዳፎቿን አላጠፈችም ነበር።